ከብራናው ላይ የፋቅኋቸው ስሞች

ጣቴን ያጠቆረው ያ ወረቀትሽ ነው። ትናንት ቦርሳሽን ከአልጋው ላይ ሳነሣ አንድ እጥፍ ወረቀት ወጥቶ ወደቀ፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ኖሮ አውራ ጣቴ ላይ ታተመ። አሸተትሁት። ቀለማችሁ የማተሚያ ነው፣ ጥላሸት ጥላሸት የሚልበት ምክንያት የለውም፤ አፍንጫዬ ግን ሌላ ነገር አስታወሰ። ከዚያ ቁጭ ብዬ እንደ ልማዴ ፊደል በፊደል እየቆጠርሁ አነበብሁት። «ስም። የአባት ስም። የትውልድ ቦታ። ወደፊት መሆን የምትፈልጉት።» ከሥሩ የጓደኞችሽ ስም ተደርድሯል፣ እያንዳንዱ ከነአባቱ። አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ ቆለፍሁበት።

አንቺ መጥተሽ «እማ፣ ምነው? የመታሰቢያ መጽሐፋችን እኮ ነው! ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ፤ ከነገ ወዲያ ካላደረስሁ ፍኖተ ሰላም ሙሉ ይስቅብኛል» ብለሽ አለቀስሽ። ቀጥለሽም «አሁን እኮ ጣልያን የለም» አልሽኝ። ስፈራ አፌ ይተሳሰራል፣ ታውቂኛለሽ። ስለዚህ ዛሬ አንቺ ሳትመጪ በዚህ በማይረባ እጄ ጻፍሁልሽ። ፊደሌን አይተሽ እንዳትስቂ።

እኔም እንዳንቺ ሰብሳቢ ነበርሁ። የአሥራ አንድ ዓመት ሰብሳቢ።

ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ሠርቶ በተቀመጠበት ጊዜ ነው። እኛ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው በኩል፣ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ካለ ደብር ሥር ነበርን። የአባቴ ታላቅ ወንድም የንባብ መምህር ነበሩ፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፣ እኔም የኔታ ነበር የምላቸው። አባቴ ሲሞት እሳቸው ቤት አደግሁ። ሴት ልጅ ከተማሪ መሐል መቀመጧ ወግ አልነበረም፤ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ከጥጉ ቁጭ እያልሁ ፊደሉን ለቀምሁት። ዳዊቱን ግን ግማሽ ላይ ተውሁት፤ እስከ ዛሬም ግማሽ ላይ ነኝ።

ያን ዓመት ተማሪው በየሳምንቱ ይቀንስ ጀመር። ያንዱ አባት ዱር ገባ፣ ያንዱ ቤተሰብ ከብቱን ነድቶ ወደ ቆላ ሸሸ። ጠዋት ጠዋት እንደ ንብ ቀፎ ይጮህ የነበረው የንባብ ድምፅ ሳስቶ፣ አንድ አንዱን ልጅ በድምፁ መለየት ቻልሁ። ይኼን ጊዜ የኔታ የቀረነውን ከወይራው ሥር ሰበሰቡን።

«ልጆች፣ መበተናችሁ አይቀርም» አሉን። «የእኔም ዓይን እየፈዘዘ ነው። ሳትበተኑ አንድ መጽሐፍ አብጁ። እያንዳንድህ ስምህን፣ የአባትህን ስም፣ የክርስትና ስምህን፣ አገርህን፣ ንባብህ የት እንደደረሰ አስጽፍበት። እኔ በጸሎቴ እጠራችኋለሁ። እናንተም ስታረጁ ማን ከማን ጋር እንደተማረ ታዩበታላችሁ።»

ወደ እኔ ዞሩና «አንቺ ሥራው እንዳይቆም ትጠብቂያለሽ» አሉ።

ይኼ ነው ሹመቴ። ሃያ ሦስት ወንድ ልጅ እኔን ሊሰማ! ከሁሉ ትልቁ፣ እጅ ጽሕፈቱ ያማረው፣ ጻፊ ተባለ። የደብሩ ሠዓሊ የልጅ ልጅ ሥዕሉን ያዘ፤ ቀዩን ቀለምም ከአያቱ ለምኖ አመጣ። ብራናውን ለመፋቅ የወጣው ከሽንዲ ወዲህ ካለ መንደር የመጣ፣ ጥርሱ ፍንጭት፣ ቀልድ የማያልቅበት ልጅ ነበር። ሌሎቹ «ቆዳ ፋቂ! ቆዳ ፋቂ!» እያሉ ሊሰድቡት ሲከጅላቸው፣ «ልክ ነው፣ እኔ ባልፍቅ ስምህን ግንባርህ ላይ ልታስጽፈው ነበር?» ይላቸዋል።

ልጄ፣ ምን ያህል እንዳቃጠሉኝ ብነግርሽ አታምኚኝም። የፋሲካ ዕለት ከየቤቱ ሦስት የፍየል ቆዳ ለምነን አመጣን። ቆዳው ጠጉሩ እንዲለቅ ቀናት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ፋቂው ወንዝ ዳር ድንጋይ ጭኖበት መጣ፤ ተራ ጠባቂ መድቤ ነበር፣ ጠባቂው ዋና ሊዋኝ ሄደ፣ ውሻ አንዱን ቆዳ ጎትቶ ወሰደው። እኔ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ፋቂው መጥቶ «አይዞሽ አለቃ፣ ውሻው አንብቦ ሲጨርስ ይመልሰዋል» አለኝ። ልገድለው ነበር።

ጥላሸቱን ደግሞ እኔ ለቀም ለቀም ላደርግ በየቤቱ ዞርሁ፤ ከድስት ቂጥ ነበር የምፍቀው። ሴቶቹ ይኼን ሲያዩ «እንግዲያውስ አጥበሽው ሂጂ» ይሉኝ ጀመር። የመንደሩን ድስት ሁሉ አጠብሁ። ክርኔ ድረስ ጠቁሬ ስመጣ ጻፊው ቀለሙን በጥብጦ በቅል ከድኖ አስቀመጠና «እንግዲህ ተቀምጦ ይብሰል፤ ቀለም በችኮላ አይሆንም» አለኝ። በየሳምንቱ እየሄድሁ «ደረሰ?» እላለሁ። ከፍቶ ያሸታል። ሽታው ለሰው ልጅ አይነገርም። «አልደረሰም» ይላል። በዚህ መሐል ሁለት ልጅ ሄደብን፤ ስማቸው ሳይጻፍ።

ቀለሙ ሲደርስ በቅደም ተከተል ተጣሉ። ዳዊት የደገሙት «እኛ እንቅደም» አሉ፤ ዕድሜ ያላቸው «እኛ» አሉ፤ አንዱ አያቱ ደብሩን አሠርተው ስለነበር በአያቱ መቅደም ፈለገ። ድንጋይ ተወራወሩ። የኔታ ከቤት ሆነው ሰምተው «ዕጣ ጣሉ! ፊተኛም ኋለኛም የለም» ብለው ጮኹ። ዕጣ ተጣለ። ሥዕሉማ ይቅር። ልጁ ከአያቱ የተማረው ቅዱሳንን መሣል ብቻ ነበርና ሁሉንም ዓይነ ትልልቅ፣ አፈ ጠባብ አደረጋቸው። አንድ እናት በአንድ ቀን የወለደቻቸው ሃያ አንድ መንታ መሰሉ። «ፍንጭቴስ?» አለው ፋቂው። «ቅዱስ ጥርሱን አያሳይም» አለው።

ቢሆንም አለቀ፣ ልጄ። መስከረም ላይ አለቀ። ቅጠሎቹን ጠዋት ፀሐይ ላይ፣ ታጥቦ የደረቀ ድንጋይ ላይ ዘርግተን፣ ብርሃኑ በብራናው ውስጥ እንደ ማር እያለፈ፣ እያንዳንዱ የራሱን ጮክ ብሎ አነበበ። ፋቂው ከስሙና ከአባቱ ስም ቀጥሎ ለጻፊው ለምኖት ያስጨመራት አንዲት መስመር ነበረችው። «ይህን ብራና የፋቅሁ እኔ ነኝ፤ የሚያነብ ሁሉ ይመርቀኝ» ትላለች። ከት ብለን ሳቅን፣ መረቅነውም።

አምስት ቀን ነው የቆየው፣ ደስታው።

በስድስተኛው ቀን ባንዶች ከሁለት ሶላቶ፣ ከጣልያን ወታደሮች ጋር መጡ። አንዱ ባንዳ ወረቀት ይዟል። ጭቃ ሹሙን አስጠርቶ ከወረቀቱ ላይ ስም እየጠራ «የእገሌ ልጅ እገሌ የታለ?» ይል ጀመር። እኔ እንስራዬን አዝዬ ቆሜ አያለሁ። ጎረቤታችን ሸማኔው ተጠራ፤ እሱ ምንም አላደረገ፣ ወንድሙ ነው ዱር የገባ። የአባታቸው ስም ግን አንድ ነው። ከወረቀቱ ላይ ያቺን የአባት ስም በጣቱ እየመታ «ይኸው፣ ይኸው ተጽፏል!» አለ ባንዳው። ሸማኔውን አስረው ወሰዱት። ጥለቱ ያላለቀ ሸማው ከሽመና ጉድጓዱ አፍ ላይ ተወጥሮ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆንሁትን አላውቅም። የእኛ ብራና ላይ አባታቸው ዱር የገባ ስድስት ልጆች ነበሩ፤ ፋቂው አንዱ ነው። ስማቸው፣ የአባታቸው ስም፣ አገራቸው፣ እንደ ባንዳው ወረቀት ተራ በተራ ተደርድሯል። እኔ ነኝ ድስት አጥቤ ያስደረደርሁት። በማግሥቱ የኔታ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የብራና መፋቂያውን ቢላ ያዝሁና ወይራው ሥር ተቀመጥሁ። በብራና ላይ የተጻፈ ነገር በስለት ከፋቁት ይለቃል፤ እንደ ዱቄት እየሆነ ይረግፋል። ስሙን ፋቅሁ። የአባቱን ስም ፋቅሁ። አገሩን ፋቅሁ። የስድስቱን ብቻ ብፍቅ ክፍተቱ ራሱ ያጋልጣቸዋል ብዬ የሁሉንም ፋቅሁ። የፋቂውን የምርቃት መስመር እንኳ አላስቀረሁም። የክርስትና ስሙን ብቻ ተውሁ፤ ባንዳ ማንን በክርስትና ስሙ ያውቀዋል?

ጻፊው ሲመጣ ወደ መጨረሻው ቅጠል ደርሻለሁ። ቀሚሴ ላይ የረገፈውን ጥቁር ዱቄት አየ።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?»

«መጥተው ቢያገኙትስ?»

«እኛ ሌባ ነን ስማችንን የምንደብቅ? ክረምቱን ሙሉ ወገቤ ተቆርጦ የጻፍሁትን!» ቢላውን ቀማኝ። ሌሎቹም ደረሱ። አንዱ «ድሮስ ለሴት ይሰጣል?» አለ፣ አንዱ ምራቁን ተፋ። ፋቂው ብቻ አልተቆጣም። ቅጠሉን አንሥቶ የራሱን መስመር ፈለገ፤ የሻከረው ቦታ ላይ መዳፉን አሻሸና «ብራናውን ግን እንደኔ አልፋቅሽውም፣ አለቃ» አለኝ። ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም።

የኔታ ዘንድ ከሰሱኝ። እኔ «ለጸሎት የክርስትና ስም ይበቃል ብዬ ነው የኔታ» አልሁ። «ለእግዚአብሔርማ ይበቃል» አሉ። «እኔ ለእናንተ ብዬ ነበር።»

ዳግመኛ የሚጻፍበት ቀለምም ጊዜም አልነበረም። በዚያ ወር ተበተኑ። ፋቂው አባቱን ፍለጋ ዱር ገባ፤ ጻፊው ቅኔ ልማር ብሎ ወደ ጎንደር ወጣ፣ ወሬውም አልተሰማ። ብራናው ከየኔታ መጻሕፍት መሐል ተሰክቶ ቀረ። የኔታም ብዙ አልቆዩ። የሚያበግነኝ ምን መሰለሽ? ጣልያን ተሸንፎ እስኪሄድ ድረስ አንድ ሶላቶ፣ አንድ ባንዳ እንኳ ያን ቤት አልረገጠም። «መጽሐፍ አለ ወይ?» ያለ የለም። ከማንም አላዳንሁትም። እንዲያው በከንቱ ፋቅሁት። ደግሞም፣ ቢመጡስ ኖሮ እላለሁ። ይኼው ስንት ዓመት፣ በሁለቱ መሐል እንዳለሁ ነኝ።

ወረቀትሽን ከሳጥኑ አውጥቼዋለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጻፊበት። የአባትሽንም ስም። እፈራለሁ፤ ግን ጻፊ። ለምን እንዳልሁሽ የሚቀጥለውን አንብቢና ታውቂዋለሽ።

ጣልያን በወጣ በዓመቱ ይመስለኛል፣ አንዲት ሴትዮ ከሽንዲ በኩል በእግራቸው መጡ። ማቅ ለብሰዋል፣ እግራቸው አቧራ ብቻ ነው። የፋቂው እናት ነበሩ። ልጁ ለአርበኞች ስንቅ ሲያደርስ ተመትቶ ወድቋል፤ አብረውት የነበሩት ሸሽተው ነበርና የት እንደተቀበረ እንኳ አላወቁም። «ልጆቹ መጽሐፍ ነበራቸው፣ ስሙ አለበት አሉኝ» አሉ። «ሌላ ያስቀረልኝ ነገር የለም። አሳዪኝ።»

ብራናውን አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁላቸው። የክርስትና ስሙን ጠየቅኋቸው። ወልደ ማርያም አሉኝ። ቅጠሉን ገለጥሁ፤ ወልደ ማርያም አለ። ሌላውን ገለጥሁ፤ ሌላ ወልደ ማርያም። አራት ነበሩ፣ ልጄ። አራቱንም የጻፈ አንድ እጅ ነው። ተራው የዕጣ ነው፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደወጣለት አላስታውስም። ፊቱም የሁሉ ፊት ነው። ከእያንዳንዳቸው አጠገብ እኔ የፋቅሁት ሻካራ ቦታ አለ፤ ወደ ብርሃን ባዘነብለው አንድ ፊደል እንኳ አልተረፈ። ደህና አድርጌ ነበር የፋቅሁት።

«የትኛዋ ናት?» አሉኝ።

ጣቴን አንዷ ላይ አሳረፍሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መርጬ እንኳ አይደለም።

«ይቺ ናት እማማ።»

«ይቺ?»

«አዎ።»

ማንበብ አያውቁም። ሌባ ጣታቸውን ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረው እንደሚያም ቁስል ቀስ እያሉ እስከ መጨረሻው ሄዱበት።

«ጥቁር ሆኖ ይጀምርና ቀይ የሚሆነው ምንድን ነው? ደሙ ነው?»

«አይደለም እማማ። የእመቤታችን ስም በቀይ ነው የሚጻፍ። ያ ‹ማርያም› የሚለው ነው።»

«አብራው ናት ማለት ነው?»

«አብራው ናት።»

«እንግዲያ ብቻውን አይደለም» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ጣታቸውን እስኪያነሡ ጠበቅሁ። ቶሎ አላነሡም።