የወዲያኛው ግማሽ

ሞጣ ላይ፣ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ካለው ግሮሰሪ የማያማርር ደንበኛ ብርቅ ነው። አንዱ ጥብሱ ጎማ ሆነብኝ ይላል፣ ሌላው ቢራው አልቀዘቀዘም ብሎ ያጨበጭባል። ዛሬ ግን አስተናጋጇ ሥርጉት ዓይኗን ከአንድ ሽማግሌ ላይ መንቀል አቃታት። የኮታቸው ክርን በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል፤ ጋቢያቸው ግን ሲያዩት ወተት ይመስላል። ጥጉን ይዘው፣ ያን ሁሉ ጫጫታ ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ፣ በያይነቱን ከወዲህ በኩል ብቻ እየቆረሱ በእርጋታ ይጎርሳሉ። መሀሉን አልተሻገሩም። የወዲያኛው ግማሽ በቢላ የተለየ ይመስል፣ ጣት ሳይነካው ቀረ።

«አባባ፣ አልጣመዎትም እንዴ?» አለች ሥርጉት፣ ትሪውን ልታነሳ እጇን ሰዳ።

«ኧረ ጥሞኛል፣ እጃችሁ ይባረክ» አሉ። ከፊታቸው ያለውን ባዶ ወንበር አይተው ፈገግ አሉ። «ተይው ልጄ፤ እሷ ቀስ ብላ ነው የምትበላ።»

ሥርጉት ትሪውን ሳታነሳ እጇን ቀስ አድርጋ መለሰች።

ይሄኔ አንድ ተማሪ መጥቶ የወንበሩን መደገፊያ ያዘ። «ሰው አለው?»

ሽማግሌው ቀና ሳይሉ ሥርጉት ቀደመቻቸው።

«አለው።»