ንጉሥ ሆኜ ደጅ የጠናሁ ዕለት

በሃምሳ ሁለት ዓመቴ አሜሪካ፣ ሮክቪል ባለ ኮሌጅ የጀርመን ንጉሥ ሆንኩ። ሹመቱን የሰጠችኝ የታሪክ መምህራችን ናት። ክፍሉን ለሁለት ከፍላ ግማሹን የንጉሥ፣ ግማሹን የሮማው ፓፓ ወገን አደረገችን። የምንደራደርበት ጉዳይ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓን ያመሰው ጥያቄ ነበር፤ ጳጳስ የሚሾመው ማነው፣ ንጉሡ ወይስ ሮማ? በድርድሩ ላይ ያልተናገረ ኮርሱን እንደማያልፍ አስቀድማ ነግራናለች። እኔ ደግሞ ሴሚስተሩን ሙሉ ትንፍሽ አላልኩም። ልጆቼ የሚሆኑ ተማሪዎች እንግሊዝኛውን ሲያንበለብሉት የእኔው ጉሮሮዬ ላይ ይቀር ነበር። ከወደቅኩ ደግሞ ዲግሪዬ በዚችው ኮርስ ምክንያት መቅረቱ ነው።

ፓፓ የመሆን ዕጣ የደረሳቸው ጡረታ ወጥተው የሚማሩ፣ ሰማንያ የተጠጉ ሴትዮ ነበሩ። እዚህ ላይ አለቀልኝ። እንደሳቸው ያለ አዛውንት ፊት ቆሜ "ተሳስተዋል" እንድል አላሳደጉኝም። በመጀመሪያው ቀን እሳቸው ጳጳሳቱን የምሾመው እኔ ነኝ ሲሉ እኔ አንገቴን ደፋሁ። ወገኖቼ ሊበሉኝ ደረሱ። አንዷ ልጅ፣ ንጉሥ ሆነህ እንዴት አንገትህን ትደፋለህ አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ በጣም አፈርኩ።

ለሁለተኛው ቀን አስፐን ሂል ሰፈር ባለው ቤቴ ቁጭ ብዬ ስዘጋጅ መጽሐፉ ላይ አንድ ታሪክ አገኘሁ። ንጉሡ በፓፓው ተወግዞ፣ በክረምት ተራራ አቋርጦ፣ ፓፓው ያሉበት ግንብ በር ላይ ሦስት ቀን በረዶ ውስጥ ቆሞ ምሕረት ለመነ ይላል። መጽሐፉ ውርደት ይለዋል፤ ክፍሉም ሳይስቅበት አይቀርም። እኔ ግን ይህን ሰው አውቀዋለሁ። ደጅ እየጠና ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሄደው ተቀመጡ ሲባሉ፣ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም ብለው ይቆማሉ። የቆመ ሽማግሌ ደግሞ የቤቱን ባለቤት ያስጨንቃል። ቄስ የሆነ ሰውማ ደጁ ላይ ቆሞ ይቅርታ የሚለምነውን በምን አንጀቱ ይመልሳል? ንጉሡ ጅል አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት ገብቼ ሴትዮዋ ፊት ቆምኩ። ወንበር አሳዩኝ።

"ቃልዎን ሳይሰጡኝ አልቀመጥም" አልኳቸው።

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። በዚያው በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ ጥያቄዬን አቀረብኩ፤ የጵጵስና ምልክት የሆኑትን ቀለበቱንና በትሩን እርስዎ ይስጡ፣ ከሹመቱ ጋር የሚሄደውን መሬት እኔ ልስጥ፣ የጳጳሱ ምርጫ ግን እኔ ባለሁበት ይካሄድ። እምቢ አሉ። እኔም እንደቆምኩ ቀረሁ። ሌሎቹ ሲከራከሩ ሰዓቱ ነጎደ፤ እሳቸው በየመሃሉ ቀና እያሉ ያዩኛል።

በመጨረሻ "እባክህ ተቀመጥ፤ ቆመህ ሳይህ እኔን ደከመኝ" አሉ።

"እሺ ይበሉኝ።"

"እሺ፣ ይሁንልህ።"

ያኔ ተቀመጥኩ፤ ኩራቴን መደበቅ አልቻልኩም። መምህሯ ነገሥታቱና ፓፓዎቹም ከብዙ ዓመት ጭቅጭቅ በኋላ የተስማሙት ከዚህ ብዙ ባልራቀ ነገር እንደሆነ ነገረችን። ከዚያ ወደኔ ዞራ ይህን የድርድር ዘዴ የት እንደተማርኩ ጠየቀችኝ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ያስተማረኝ አባቴ እንደሆነ፣ ፊደል እንዳልቆጠረ፣ የተጣሉትን ሊያስታርቅ የገባበት ቤት ግን ሳይታረቁለት ተቀምጦ እንደማያውቅ ነገርኳት። ስለ አባቴ ብዙ አወራሁ። በእንግሊዝኛ እያወራሁ መሆኔን ያወቅኩት ከጨረስኩ በኋላ ነው።