ቁልፍ መመለስ ነውር አይደለም

ወግ አዋቂ የሚባሉ፣ ስንት ባልና ሚስት ያስታረቁ ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋሉ ብሎ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ «ውሸትህን ነው» እለው ነበር። ግን እኔው ራሴ መኪናው ውስጥ ነበርኩ። ትዝ ባለኝ ቁጥር እስከ ዛሬ ክው እላለሁ። ሆኖም ጋሼ ኅሩይን አስቀድሜ ካላስተዋወቅኋችሁ የነገሩ ጉድነት አይገባችሁም።

ጋሼ ኅሩይ ዙሪክ ውስጥ መኪና መንዳት የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። የአገሩ ሰው «ፋርሌረር» ይላቸዋል፣ እኛ ሐበሾቹ ደግሞ ለሠርግም ለለቅሶም የሚያመላልሱን እሳቸው ስለሆኑ «ሾፌራችን» እንላቸዋለን። ወደዚህ አገር የመጡት በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ ጄኔቭ ለነበሩ የመንግሥት ሰዎች ሾፌር ሆነው ነው። ሚስታቸው ሞታባቸው ስለነበር የስድስት ዓመት ልጃቸውን ንዋይን ለእናታቸው ትተው መጡ። «ቤት ልከራይና አመጣዋለሁ» እንዳሉ አብዮቱ ፈነዳ። አለቃቸው ወደ አገር ቤት ተጠርተው ሲመለሱ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ እስር ቤት ገቡ፤ ይህን ሲሰሙ ጋሼ ኅሩይ እዚሁ ቀሩ። ልጁም እዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆቴል ዕቃ አጠቡ፣ የጭነት መኪና ነዱ፣ በመጨረሻም ወደ ዙሪክ መጥተው ተፈትነው አስተማሪ ሆኑ። እኔን ያስተማሩኝ አልትሽቴተን በሚባለው የዙሪክ ሰፈር ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሁለት ተማሪዎቻችን ከጭፈራ ሲመለሱ ከዛፍ ጋር ተጋጭተው ሞተው ነበር። ዳይሬክተሩ በዚህ ደንግጦ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ለሚሞላን ልጆች ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ትምህርት እንዲሰጡን ጋሼ ኅሩይን ጠራቸው።

በመጀመሪያው ቀን ስለ መንገድ ምልክት ያወራሉ ብለን ስንጠብቅ፣ የመኪናቸውን ቁልፍ በመዳፋቸው ይዘው ፊት ለፊት ለተቀመጠው ልጅ ዘረጉለትና አማርኛ በተጫነው ጀርመንኛቸው «ልብህ የት ነው?» አሉት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከክፍሉ ሐበሻ እኔ ብቻ ስለነበርኩ በሀፍረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ምንም አልመሰላቸውም።

«ከእናትህ ጋር ተጣልተህ መጥተህ ከሆነ፣ ሳትተኛ አድረህ ከሆነ፣ የምትወዳት ልጅ ትታህ ከሆነ፣ ልብህ እዚህ የለም» አሉ። «በአገሬ ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይባላል። ልብህ እዚህ ከሌለ ቁልፉን መልስልኝ። ቁልፍ መመለስ ነውር አይደለም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪ የሚይዝ ሁሉ መጀመሪያ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ነበረበት። አንድ ረቡዕ ከሁላችንም ጎበዝ የነበረው ልጅ ቁልፉን አየና «አባቴ ሆስፒታል ነው፤ ልቤ እዚያ ነው» ብሎ መለሰላቸው። ጋሼ ኅሩይ እጁን ጨበጡት። የዚያን ቀን ትልቁን ማርክ ያገኘው ያልነዳው ልጅ ሆነ፤ እኛ ግቢውን ስንዞር የዋልነው ዝቅ ያለ ተሰጠን። እንዲህ ያለ አስተማሪ አይተን አናውቅም ነበር።

ሲቆይ ልጆቹ ወደዷቸው። በር ላይ ሲያገኟቸው እነሱው ቀድመው «የእርስዎስ ልብ የት ነው?» ይሏቸዋል። መልሳቸው አንድ ነው።

«ግማሹ እዚህ ነው። ግማሹ አዲስ አበባ፣ ልጄ ዘንድ። ለዚህ ነው ቀስ ብዬ የምነዳው። ልጄ ሲመጣ ሙሉው እዚህ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ታዩኛላችሁ!»

ንዋይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። አያቱ «ማትሪክ ሊፈተን እያጠና ነው፣ የመውጫ ቪዛውም ደርሷል» እያለች ታስጽፍላቸው ነበር። እሳቸውም መኪናቸው ውስጥ ከተሳፋሪው ፊት ባለችው ትንሽ ሣጥን፣ ለማጅ ነጂ መኪና ላይ የሚለጠፈውን ሰማያዊ ምልክት ከነላስቲኩ አስቀምጠው ይጠብቁት ነበር።

በ1979 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ አቶ አስፋ ለእናቴ ደወሉ። አቶ አስፋ ዙሪክ አጠገብ ኡስተር የሚኖሩ፣ በዕድሜም በጨዋነትም የሁላችን ሽማግሌ የነበሩ ሰው ናቸው። ጄኔቭ ለምትኖር ዘነበወርቅ ለምትባል ሴት መርዶ ልንነግር ነው፤ ልጇ በብሔራዊ ውትድርና ዘምቶ ሞቷል፤ ዛሬ ሄደን እናድርና ነገ በማለዳ ይነገራታል፤ ኅሩይ ይነዳል፤ ሸዋረጋም ትምጣ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥታ የለ፣ ቢደክመው ታግዘዋለች አሉ። ሸዋረጋ እኔ ነኝ። እናቴ ምንትዋብ ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ ግድግዳ ግድግዳውን ታይ ነበር። ለማታውቃት ሴት ይህን ያህል ማዘኗ ገረመኝ።

ከሰዓት በኋላ ተነሣን። አቶ አስፋ ከፊት፣ እናቴና እኔ ከኋላ። ጋሼ ኅሩይ ከኋላ የተቀመጠውንም ቀበቶ ካላሰሩ ሞተር አያስነሱም። አቶ አስፋ እንደ ወትሮው «እንደ ፋሲካ በግ አሰርከን እኮ!» አሉ። ጋሼ ኅሩይም እንደ ወትሮው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ጋሽ አስፋ፤ ቆመው ይታጠቁ» ብለው መለሱ። ሁለቱ ሳቁ። የአቶ አስፋ ሳቅ ግን መሀል ላይ ተቋረጠ።

ፈጣኑን አውራ ጎዳና፣ አውቶባኑን፣ እንደያዝን ጋሼ ኅሩይ ስለ ሟቹ ጠየቁ።

«ዕድሜው ስንት ነበር?»

«አሥራ ዘጠኝ» አሉ አቶ አስፋ።

«አይ የእናት አንጀት! የንዋይ እኩያ። እግዚአብሔር ይመስገን የእኔው ተማሪ ነው፣ አልነኩብኝም።» ቀጥለውም «ጋሽ አስፋ፣ ይህችን ሴት ስትነግሯት ዙሪያ ጥምጥም አትሂዱባት። እኔ ብሆን አልወድም። የልጇን ስም ጠርታችሁ ንገሯት፤ በስሙ ታልቅስ» አሉ።

አቶ አስፋ «እሺ» አሉ። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ነበር።

በርንን ካለፍን በኋላ ለነዳጅ ቆምን። እናቴ እጄን ይዛ ወደ መጸዳጃው ወሰደችኝና በሩን ቆለፈች።

«ሸዋዬ፣ ስንመለስ የምትነጂው አንቺ ነሽ። ልብሽን አጽኚ።»

«ለምን? ጋሼ ኅሩይስ?»

«ዘነበወርቅ የምትባል ሴት የለችም። የምንሄደው ጄኔቭ ያለችው እኅቱ ሕብስት ቤት ነው። የሞተው ንዋይ ነው።»

የእጅ መታጠቢያውን ይዤ ቆምኩ። ልጁን ቀበሌው ከክፍል አውጥቶ ለውትድርና ወስዶት ኖሯል። አያትየው «ኅሩይ በሰው አገር አብዶ ይቀርብኛል» ብላ ደበቀች። አብሮት ዘምቶ የቆሰለ ጓደኛው ተመልሶ የንዋይን መሞት ሲነግራት ለሕብስት አስደወለች። ሕብስት በስልክ መናገር ስላቃታት አቶ አስፋን ለመነች።

«እና መርዶውን ለመስማት ራሳቸው እየነዱ ይሂዱ?» ብዬ ጮኽኩ። «ባቡር ጠፍቶ ነው? አብዳችኋል?»

«ቀስ በይ! ለለቅሶ የሚወስደን ሁልጊዜ እሱ አይደለም ወይ? ዛሬ ባቡር ብንለው አይጠረጥርም? መርዶ በመንገድ አይነገርም፣ ዘመዶቹ ባሉበት ነው። ያላወቀ ሰው ደህና ይነዳል።»

ያስደነገጠኝ ደግሞ ይህ ነው፤ ነገሩ ለእሷ ፍጹም ትክክል ነበር። እኔን እንኳ ለመልሱ ጉዞ አዘጋጅተውኛል! ወግና ልማዱን ሁሉ አሟልተው፣ አንድን አባት የልጁን ሞት ወደሚሰማበት ቤት በገዛ መኪናው ያስነዱታል። መናገር ፈለግሁ፤ ደግሞ ብናገርና መሪው ከእጃቸው ቢወጣስ? ፊቴን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቤ ወጣሁ። ጋሼ ኅሩይ መስታወቱን በጨርቅ እየወለወሉ ነበር። «አመመሽ እንዴ?» አሉኝ። ራሴን ነቅንቄ «አይ» አልኩ።

ፍሪቡርግን አልፈን ወደ ሌማን ሐይቅ የሚወርደውን ቁልቁለት ጀመርን። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ የጭነት መኪናዎች አጠገባችን ያልፋሉ፣ ከታች ገደሉ ይታያል። ጋሼ ኅሩይ ማርሽ ቀንሰው፣ ፍሬን ሳያበዙ፣ እንደሚያስተምሩን አድርገው ይወርዳሉ። እኔ ማጅራታቸውን እያየሁ እጸልያለሁ። ድንግል ማርያም ሆይ፣ እስክንደርስ ድረስ ማንም ቃል አይተንፍስ።

የተነፈሰ የለም። ነገር ግን አቶ አስፋ ሲጨንቃቸው ከረሜላ የመፈለግ ልማድ ነበራቸው። ፊታቸው ያለችውን ሣጥን ከፍተው ሲዳብሱ ያ ሰማያዊ ምልክት ጭናቸው ላይ ወደቀ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ሳያስቡት።

«የንዋይ ነው!» አሉ ጋሼ ኅሩይ፤ ድምፃቸው በደስታ ቀለለ። «ሲመጣ መኪናው ላይ እለጥፍለታለሁ። እኔ እንኳ ላስተምረው አልችልም፣ ሳስቼ አበላሸዋለሁ። አይደለም ሸዋዬ? መጀመሪያ ከጎኑ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ።»

ልመልስ አፌን ስከፍት ሳግ ቀደመኝ። በሁለት እጄ አፌን አፈንኩት፤ አልታፈነልኝም። እናቴ ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ፤ እሷም እያለቀሰች ነበር።

ጋሼ ኅሩይ ቀና ብለው በመስታወቱ አዩኝ። እናቴን አዩ። ወደ ጎን ዞር ብለው ምልክቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አንገታቸውን የደፉትን አቶ አስፋን አዩ። ከዚያ ዐይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። አሁን መኪናው መንገድ ይስታል፣ አሁን ገደል እንገባለን አልኩ።

የቀኝ ፍሬቻ ሲንቋቋ ሰማሁ። ቀስ ብለው ከአውቶባኑ ወጡ። ቬቬ ከተማ መግቢያ ላይ፣ ከወይን ማሳው ጥግ መኪና ማቆሚያ አግኝተው ገቡ። የእጅ ፍሬን ሳቡ። ሞተሩን አጠፉ። ቁልፉን ነቅለው ወጡና በእኔ በኩል ያለውን በር ከፈቱ። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። ቁልፉን በመዳፋቸው ዘረጉልኝ።

«ሸዋረጋ፣ ልብሽ የት ነው?»

ቁልፉን ወሰድኩት። ልዋሽ ፈልጌ ነበር፤ እናቴም በዐይኗ «እሺ በይ» ትለኛለች። ለዚህ ቀን ነበር እኮ ያመጡኝ። ግን መዳፋቸው አሁንም እንደተዘረጋ ነው።

«እዚህ የለም፣ ጋሼ» ብዬ መለስኩላቸው።

«ሸዋረጋ!» አለች እናቴ ደንግጣ።

«ተይዋት፣ ወይዘሮ ምንትዋብ። ጎበዝ ናት» አሉና ቁልፉን ኪሳቸው ጨመሩት። አቶ አስፋ ከመኪናው ወርደው «ኅሩይ፣ ልጄ…» ብለው ሲጀምሩ እጃቸውን ይዘው አቆሟቸው። «አሁን አይንገሩኝ። የምንሄደው ሕብስት ቤት ነው አይደል? እዚያ ይነግሩኛል። ባቡር ጣቢያው ከታች ነው፣ በእግር እንወርዳለን።»

ወረድን። ያን መንገድ እንዴት እንደሄድነው አላውቅም። አባትየው ሳያለቅሱ እኛ ማልቀስ አልቻልንም፤ እሳቸው ፊት ፊታችን ይሄዳሉ፤ አቶ አስፋን ቁልቁለቱ ሲያዳልጣቸው ክንዳቸውን ይደግፋሉ። እኛ አጽናኞቹ እሳቸውን ተከትለን እንሄዳለን። ባቡሩ ውስጥም ሐይቁን እያዩ ጄኔቭ ደረሱ።

ሕብስት ቤት ሌሊቱን ማንም የተኛ የለም፤ ግን ሁሉም የተኛ መሰለ። ሊነጋጋ ሲል ዘመድ ወዳጁ ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባ። ጋሼ ኅሩይ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። አቶ አስፋ ስንቱን መርዶ የተናገሩ ሰው፣ «መቼም ሰው ሆኖ… የፈጣሪ ነገር…» እያሉ ተንተባተቡ።

«ጋሽ አስፋ፣» አሉ ጋሼ ኅሩይ፣ «ስሙን ይጥሩልኝ።»

«ንዋይ» አሉ አቶ አስፋ።

ያን ጊዜ የወጣቸውን ድምፅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፤ ዳግመኛም አያሰማኝ።

መኪናውን ሌላ ሰው ሄዶ አመጣው። አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ረቡዕ ጋሼ ኅሩይ ጥቁር ለብሰው ትምህርት ቤት መጡ። እኔ ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ልጆቹ አሟቸው የቆዩ ነው የመሰላቸው፤ ጥቁር ልብስም ለእነሱ ምንም አይደለም። መኪናቸው ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ያ ሰማያዊ ምልክት ከላስቲኩ ወጥቶ ከኋላ ተለጥፎበታል።

እሳቸው ክፍል ገብተው ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። ከኋላ አንዱ ልጅ እንደ ልማዱ እየሳቀ ጮኸ።

«ሄር ኅሩይ፣ የእርስዎስ ልብ የት ነው?»

ቁልፉን በመዳፋቸው ላይ አገላበጡት።

«ዛሬ» አሉ፣ «ሙሉው እዚህ ነው።»

ልጆቹ ንዋይ የመጣ መስሏቸው አጨበጨቡላቸው።