ዓርብ ወደ ዋርናምቡል

ወይዘሮ በለጥሻቸው ኬንሲንግተን በሚገኘው የመንግሥት ፎቅ፣ ከእኔ ቤት ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው፣ አሥራ አራት ዓመት ኖሩ። ከሱዳን ስደት ወደ ሜልበርን ከመጡ ጀምሮ ላቨርተን ኖርዝ በአንድ የዶሮ ፋብሪካ፣ በብርድ ክፍል ውስጥ ቆመው ዶሮ ሲያጥቡና ሲቆራርጡ እጃቸው ደነዘዘና ጡረታ ወጡ። «ይህን ሁሉ ዓመት ከዚህ አገር ያየሁት ዶሮና የአውቶቡስ መስኮት ነው» ይሉ ነበር።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን አገሩን ማየት ጀመሩ። በጡረተኛ ካርዳቸው ትኬቱ ስለሚረክስላቸው በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ አንድ ትንሽ ከተማ ይመርጡና ጠዋት በባቡር ሄደው ማታ ይመለሳሉ። ማንበብ አይችሉም ነበር። እኔ በአርባ ዓመቴ ፊደልን ለብቻዬ ታግዬ ስለያዝኩ፣ የዚህንም አገር ፊደል በኋላ ስለጨመርኩበት፣ የጣቢያውን ስም የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ካስልሜይንን፣ ኮላክን፣ ቤንዲጎን አብረን አየን።

በየከተማው ስንደርስ መጀመሪያ የሚያደርጉት ደሴ ላለው አንድ ልጃቸው ለልዑልሰገድ መደወል ነበር። ልዑልሰገድ እናቱ ጋ ለመምጣት ሦስት ጊዜ ቪዛ ጠይቆ ሦስቴም ተከልክሏል። ስለዚህ ያዩትን ሁሉ ይነግሩታል፤ የላሙን ቀለም፣ የቤቱን ጣሪያ፣ የሻዩን መቅጠን ሳይቀር። እሱም «እማዬ፣ ዛሬ ደግሞ የት ገባሽ?» ብሎ ይጀምራል። ድምፁ ከስልኩ አልፎ እኔም ጋ ይደርስ ነበር።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት፣ ፋሲካ ባለፈ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት ከደሴ ለእኔ ተደወለ። ልዑልሰገድ ረቡዕ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ መኪናው ተገልብጦ ሞቷል። የእድራችን ሰብሳቢ ስለሆንኩ መርዶውን ማርዳት የእኔ ፈንታ ነበር።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ በእድሩ ሽማግሌ በአቶ ገብረመድኅን ቤት ተሰበሰብን። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ አንድ ሰው ብቻውን ሄዶም አይናገረውም። ሽማግሌዎች ነጠላ ለብሰው፣ ቄስ ይዘው፣ ሲነጋ ነው የሚሄዱት። ነገር ግን ሰዉ ሁሉ ሺፍት ላይ ነው። ቄሱ እንኳ መጋዘን ይሠራሉ። ከቅዳሜ በፊት ሰው አይገኝም። ከእድሩ አባላት ነርሷ ሩታ ብቻ ተቃወመች። እናት ናቸው፣ አሁኑኑ ይወቁ፣ እኔና እርስዎ እንበቃለን አለችኝ። ለቀብሩ እንደሆነ አይደርሱም፣ ሁለት ቀን ቢዘገይ የሚጎድልባቸው ነገር የለም ብዬ መለስኩላት። ሰው በወጉ ካልተረዳ ሐዘኑ ይበላሻል አልኩ። ቃሌ ተሰማ።

ዓርብ ግን የዋርናምቡል ጉዟችን ቡክ ተደርጎ ነበር። ቤት ከዋሉ ፉትስክሬይ ገበያ ይወርዱና ከአንዱ አፍ ይሰሙታል ብለን ሰጋን። ስለዚህ ይዣቸው እንድውል ተወሰነ። ሩታ እኛ ዘንድ አልቅሳ፣ ዓይኗን ጠርጋ ሄዳ፣ «ላሠራልዎ» ብላ ስልካቸውን ወሰደች።

ባቡሩ የዋይንድሃም ቬልን አዳዲስ ቤቶች አልፎ ሜዳው ላይ ሲወጣ፣ ወይዘሮ በለጥሻቸው ለልዑልሰገድ የሚነግሩትን መሰብሰብ ጀመሩ። ላሞቹ ከሰዎቹ እንደሚበዙ እንዳልረሳ ያስታውሱኝ አሉ። እሺ አልኩ። ሦስት ሰዓት ተኩል እንዲህ ተጓዝን።

ዋርናምቡል ባሕሩ ቀዝቃዛ ነበር። እሳቸው ግን ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ማዕበሉ መጥቶ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት አረጠበው። ፊታቸውን ማየት ስለከበደኝ አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ፤ «ወይዘሮ በለጥሻቸው፣ ፋብሪካው እርስዎ ዶሮ ሲያጥቡ አይቶ አልጠገበም መሰለኝ፣ አሁን ደግሞ እርስዎን እንዲያጥብ ማዕበሉን ላከ» አልኩ። ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ፣ ክንዴን ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጊዜው ሃምሳው ቀን ስለነበር ዓርብም ቢሆን ጾም የለም፤ ወንበር ላይ ተቀምጠን ዓሣ በላን። ከዚያ ስልኬን ጠየቁኝ። ኔትወርክ የለም አልኳቸው።

«ግድ የለም» አሉ። «ነገ እነግረዋለሁ።»

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ዘጠኝ ሆነን በራቸውን አንኳኳን። በር ከፍተው ነጠላውን ሲያዩ የበሩን እጀታ አልለቀቁም። ተናገርኩ። አልጮኹም። መቼ እንደሆነ ጠየቁ። ረቡዕ አልኩ። ከንፈራቸው ሲቆጥር አየሁ፤ ሐሙስ፣ ዓርብ።

«ጋሽ አድማሱ፣ ትናንት ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እያወቁ አሳቁኝ?»

እሪታው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ለቅሶው በወጉ ተደረገ። ሰዉ ከሜልበርን ዳር እስከ ዳር መጣ፤ ድንኳን ባይኖርም ኮሪደሩ ሞላ። አርባው ካለፈ በኋላ ይቅርታ እንዲጠይቁልኝ አቶ ገብረመድኅንን ሽማግሌ አድርጌ ወደ ወይዘሮ በለጥሻቸው ላክሁ። ሽማግሌ ወደ ሰው መላክ ለእኔ የመጀመሪያዬ ነበር። እሳቸው የመለሱት እንዲህ የሚል ነው፤ «ቂም የለኝም። ልጄ ከሞተ በኋላ ግን አንድ ቀን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ። ያቺን ዓርብ ማን ይመልስልኛል?»

ከዚያ ወዲህ ገጠር አልወጡም። እግራቸው ደህና ነበር። ለሩታ እንደነገሯት፣ ባቡሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር የራሳቸው ሳቅ ይሰማቸዋል። ፉትስክሬይ እንኳ ሲሄዱ ባቡሩን ትተው አውቶቡስ ይጠብቁ ነበር፣ ዝናብም ቢሆን። እኔን ባገኙኝ ቁጥር ጤንነቴን ይጠይቁኛል፤ ከዚያ አያልፍም። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ዘጠኝ ክረምት እስኪያርፉ ድረስ እንዲሁ ነበር።

ከማረፋቸው አንድ ዓመት በፊት እድሩ መርዶ በመጣበት ቀን ይነገር፣ ሁለት ሰው ከተገኘ ይበቃል ብሎ ወሰነ። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። የሩታ ሐሳብ መሆኑንም በጉባኤው ተናገርኩ። ሊሰሙት ይገባል ብዬ ቤታቸው ድረስ ወርጄ ነገርኳቸው። ወንበር ሰጡኝ፣ ሻይ ቀዱልኝ፣ እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ለሌላው ይበጀዋል» አሉኝ።