ያልመለስሁት ነጠላ

ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ልጁ ካረፈ አራት ሰዓት አልፎታል። እናቱ ግን ልጄ በሕይወት አለ ብለው ከተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ፍኖተ ሰላም በምሠራበት ሕክምና ቤት ሥራዬ ሐዘን ከደረሰበት ሰው ጎን መቀመጥ ነው። ዩኒቨርሲቲ ብዙ አስተምሮኝ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በእጄ የቀረው ግን ሳይጠየቁ አለመናገር ብቻ ነው። በዚያ ሳምንት መቀመጡም ከብዶኝ ነበር።

የእናቲቱ ወንድም ወደ ጥግ ወሰዱኝ። አገራቸው ከቡሬ ወዲያ ያለ ገጠር ነው፤ ልጁ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ በወባ ታሞ የተመለሰ ነው።

«መርዶ በማለዳ፣ በገዛ ቤቷ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው» አሉኝ። «አሁን ብንነግራት በሰው አገር ማን ይይዛታል? መኪናም ካሥራ አንድ ሰዓት በኋላ አይንቀሳቀስም።»

አሳባቸው አስከሬኑን አመሻሹ ላይ ገንዘው፣ ሲነጋ በአንድ መኪና አስቀድመው፣ እኅታቸውን በሌላ ማስከተል ነበር። እንዲያ ከሆነ እናት የልጃቸውን ፊት አያዩም፤ የተገነዘ አይፈታም። ይህንኑ ነገርኋቸው።

«ባታየው ይሻላታል። እርስዎ ብቻ ዝም ብለው ይቀመጡልን።»

ሄጄ ተቀመጥሁ። እናት የበሶ ቋጠሮ በጉልበታቸው ይዘዋል።

«ነርስ ነሽ?»

«አይደለሁም፣ እናቴ።»

«ዶክተር ነሽ?»

«አይደለሁም። ከሰው ጋር እቀመጣለሁ።»

«ለዚህ ነው የተማርሽ?» ሳቅ አሉ። «እኛ አገር ሳይማሩም ይቀመጣሉ እኮ!»

እኔም ፈገግ አልሁ።

«ሰው አይገባም ብሎኛል ወንድሜ። በሶ እንኳ አይገባም?»

«ልጠይቅ» አልሁ፤ አልተነሣሁም። ዐይናቸው አንገቴ ላይ አረፈ።

«ማን ሞቶብሽ ነው?»

እጄን ወደ አንገቴ ሰደድሁ። ረፋዱን ከባልደረባዬ አባት ቀብር ነበርሁ፤ የነጠላዬ ጥለት እንደ ሐዘንተኛ ወደ አንገቴ እንደ ዞረ ቀርቷል። ማንኛዋም ሴት ከቀብር ስትመለስ ሳታስበው የምታስተካክለውን፣ በሳምንቱ ሦስተኛ ለቅሶዬ ነበርና፣ ረስቼ መጣሁ።

«የባልደረባዬ አባት ነው፣ እናቴ።»

«ነፍሱን ይማረው። ግን የታመመ ካላት እናት ጎን እንዲህ ለብሶ የሚቀመጥ የለም፤ ሟርት ነው። ወንድሜ ሁለት ጊዜ በፊታችን አለፈ። መልሺው አላለሽም።»

መዋሸት ይቻለኝ ነበር። ዝም አልሁ። ያ ዝምታ ከሙያ የመጣ ነው ብል እዋሻለሁ፤ ደክሞኝ ነበር።

ቋጠሮውን ወንበሩ ላይ አኖሩና ነጠላቸውን ፈትተው እንደ እኔው አዞሩት። አልጮኹም።

«ሳላየው እንዳይገንዙት» አሉ። «ሌላ አልለምንም።»

ወንድማቸው ሲመለሱ የእኅታቸውን አለባበስ አይተው ባሉበት ቆሙ።

«እዚህ የሚሠሩት ስለ እርስዎ ዝም ትላለች ብለውን ነበር» አሉኝ። «ይኸው ዝም ብለው መርዶውን ነገሩ።»

ይቅርታ ጠየቅሁ። ቀጥዬም፣ ካወቁ አይቀር ይዩት አልኋቸው።

«እቤት የቀረው አባትየውስ? ገና አልሰማም እኮ! እሷ እየጮኸች ቡሬ ከገባች፣ እኛ ሳንደርስ ወሬው ቀድሞ ይገድለዋል።»

አብረዋቸው ከመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሲነጋ እንደሚመክሩ፣ ገነዛውም እስከዚያ እንደሚቆይ ነግረውኝ ሄዱ። እናት በአስታማሚዎች ማረፊያ አደሩ። እኔ ወደ ቤቴ ሄጄ ጫማዬን ሳላወልቅ ጋደም አልሁ።

በማግስቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ስመለስ፣ ሦስቱ ወንዶች ከአስከሬን ክፍሉ ደጅ ቆመው ጥቂት ተነጋገሩ። ከዚያ ወንድምየው ለእኅታቸው ነገሩ፦ ልጇን አይታው ይገነዛል፤ አስከሬኑ ባለበት መኪና ትሄዳለች፤ ነገር ግን አባቱ መርዶውን እስኪሰማ ድረስ በመንገድ ላይ ድምፅ አታሰማም።



«እችላለሁ» አሉ እናት፤ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «እሷ ከጎኔ ከተቀመጠች።»

ወንድማቸው ቀና ብለው ሊያዩኝ አልፈለጉም። ሽማግሌዎቹን ግን አዩ፤ አንደኛው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያው እስከ ደጃችን ይመጣሉ» አሉኝ ወንድምየው።