የታጠበው ጣውላ

ልጄ ሲቀላ ሰፈር በሚገኝ ማስታወቂያ ማተሚያ ቤት ተቀጥራ፣ ብቻዋን እንድታትም የተሰጣት የመጀመሪያ ሥራ የሰንበት ትምህርት ቤታችን የስም ሰሌዳ ነበር። ጣውላውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ለቤተ ክርስቲያን ነው ብዬ በውኃ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ማተሚያ ማሽኑ ላይ ስታጋድመው ጣውላው ተጣሞ ጠርዙ ተነሥቶ ታየ።

«እማዬ፣ ጣውላ እንደ ነጠላ ይታጠባል?» አለችኝ፣ ማጠቤን ስነግራት።

ከጣውላው በላይ የሚመላለሰው የማሽኑ ቀለም መርጫ የተነሣውን ጠርዝ ከነካ ይበላሻል፤ ሥራዋም ያበቃል። ጠርዞቹን በፕላስተር አጣብቃ መርጫውን ትንሽ ከፍ አደረገችው። እኔ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። መርጫው ሳይነካ አለፈ፤ አብሮት የሚሄደው ሐምራዊ ብርሃንም ቀለሙን ወዲያው አደረቀው።

«ንኪው» አለችኝ። ነካሁት፤ ጣቴ ንጹሕ ነበር። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ያለ ፀሐይ እንዴት እንደደረቀ ግን እስከ ቤት ድረስ ስጠይቃት ሄድኩ።