ኬዚያ ቲመንስ ውኃ ላይ የተኛችበት ዕለት

እኛ መንደር ዋና የሚችል ሰው አይከበርም። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። እኛ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት የባሕር ጠረፍ ላይ ተወልደን፣ ሽሪምፕ የሚባለውን ጣት የሚያህል የባሕር ፍጥረት ስናጠምድ አድገን፣ ሽሪምፕ ስንበላ የምናረጅ ሰዎች ነን። ባሕሩን የምንፈልገው ጀልባ እንዲሸከምልን እንጂ ገላችንን ልንነክርበት አይደለም። ካፒቴን ፎንሶ ቲመንስ ዕድሜውን ሙሉ ባሕር ላይ ሲሠራ ውኃ ከጉልበቱ አልፎበት አያውቅም። ጉልበቱ ላይ የደረሰውም አንድ ክረምት መንገዱን ጎርፍ የሞላው ጊዜ ነው።

ለዚህ ምክንያት አለው። ታላቅ ወንድሙ ሉሺየስ የመንደሩ ብቸኛ ዋናተኛ ነበር። አንድ ቀን የመረቡ ገመድ ከጀልባዋ ሥር ውኃ ውስጥ ከሚሽከረከረው መዘውር ጋር ተጠመጠመና ሉሺየስ «እኔ እፈታዋለሁ» ብሎ ዘለለ። ዋና የማይችሉት ጀልባዋ ላይ ቀሩ፤ ሁሉም እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ። ፎንሶ ወንድሙን ያገኘው በፊቱ ተደፍቶ ሲንሳፈፍ ነው። ከዚያ ወዲህ «ዋና የሚችል ጀልባውን ይለቃል፤ የማይችል አጥብቆ ይይዛል» ይላል።

ልጁ ኬዚያም በዚሁ ሕግ አደገች። እናቷ ቀድማ ስለሞተች ጀልባው ላይ ይዟት ይወጣ ነበር፤ ወገቧን በገመድ አስሮ ገመዱን ከምሰሶው ጋር ይቋጥረዋል። ወደብ ሲደርሱ የምፈታት እኔ ነበርኩ። ዴላ እባላለሁ፤ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ሥራዬ እዚያው ወደቡ ላይ የሽሪምፕ ራስ መቁረጥ ነው። የልጅቷን ወገብ በፈታሁ ቁጥር አባቷን እሰድበው ነበር። እሱም ይሰማኝና በማግስቱ መልሶ ያስራታል።

ኬዚያ በትምህርቷ የማትቻል ሆና ወጣች። ከዚያ ባሕር ኃይሉ ኮሌጅ እያስተማረ መኮንን የሚያደርግበት መንገድ እንዳለ ሰማች። ክፍያውን ባሕር ኃይሉ ይችላል፤ ተማሪዋ ከኮሌጁ ትምህርት ጎን ለጎን ወታደርነቱን ትማራለች፤ ስትመረቅ ማዕረጓን ትለብሳለች። ፎንሶ ነገሩን አልጠላውም። መርከብ ትልቅ ጀልባ ነው፤ የሚይዙት ነገር ሞልቶበታል። ለቃለ መጠይቅ የተቀበላት መኮንንም «ከአጥማጅ ቤት ነው የመጣሽው፤ እንግዲህ ውኃ ብርቅሽ አይደለም» አላት። «አይደለም ጌታዬ» አለች። አልዋሸችም፤ ውኃ በየቀኑ ስታይ ነው ያደገችው።

ኮሌጁ ከተማ ነው። ጎህ ሳይቀድ ሩጫ አለ፤ ከሩጫው በኋላ ሒሳብ አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ የደንብ ልብስ ቀን ስለሆነ፣ ሌላው ተማሪ በእንቅልፍ ልብሱ ክፍል ሲገባ እሷ የደንብ ልብሷን ተኩሳ፣ ጫማዋን አብርታ ከፊት ትቀመጣለች። ይህን ሁሉ ቻለችው። የዋና ፈተናው ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት መጣ። ከከፍታ ሰገነት ላይ ወደ ገንዳው መዝለል ነበረባት፤ ዘለለች። በመውረዱ በኩል እንከን አልተገኘባትም። መውጣቱ ነው የጠፋት።

ዕጩ መኮንኖቹን የሚያሠለጥነው ሻምበል ባሻ ፕሩዊት የሚባል የባሕር ወለድ ጦር ሰው ነው። ከነልብሱ ገብቶ አወጣትና ውኃውን ተፍታ እስክትጨርስ ጠበቃት።

«ዕጩ ቲመንስ፣ የአጥማጅ ልጅ ነሽ ብለውኝ ነበር።»

«ነኝ ባሻ።»

«ምንድን ነው የምታጠምዱት?»

«ሽሪምፕ ነው ባሻ።»

«ታዲያ ታች ወርደሽ የለ? ዘመዶቻቸውን አገኘሽ?»

«አላየሁም ባሻ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

ባሻው ሳይስቅ እስከ ጸደይ መጨረሻ ጊዜ ሰጣት። ያኔ ካላለፈች የደንብ ልብሱም ኮሌጁም አበቃ፤ ተመልሳ አጠገቤ ቆማ የሽሪምፕ ራስ ልትቆርጥ ነው። ሥራዬን አልንቅም፤ ለእሷ ግን አልፈልገውም። ጣቶቼን ያየ አይጠይቀኝም።

አንድ ቀን ደወለችልኝ። «አክስቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለአባዬ እንዳትነግሪብኝ።»

«ምን አደረግሽ?»

«ዋና እየተማርኩ ነው።»

«ምነው ልጄ፣ አርግዣለሁ ብትይኝ ይሻል ነበር።»

የፋሲካ ዕለት ቤት መጣች። ፎንሶ ሩዝና ሽሪምፕ ሠርቶ ነበር፤ እኔም ተጠርቼ ነበር። ሳህኗን ሲያቀብላት አጎንብሶ ፀጉሯን አሸተተ።

«ምን ምን ትያለሽ?»

ልትዋሽ ትችል ነበር፤ እውነት መናገርን ያስተማራት ግን እሱ ነው። «የመዋኛ ገንዳ መድኃኒት ነው አባዬ» አለችና ሁሉንም ነገረችው። ፎንሶ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ልብሳቸውን መልሺላቸውና ነይ ወደ ቤትሽ።»

«ሐሙስ የመጨረሻው ፈተና ነው። ብትመጣልኝ ደስ ይለኛል።»

«አልመጣም።»

ሐሙስ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ፎንሶ የአሳ አጥማጅ ነጭ ቦት ጫማውን እንዳደረገ ቆሟል። «ዴላ፣ መኪናሽ ትሠራለች?» አለኝ። «ስትፈልግ» አልኩት። እንደ ዕድል ሆኖ ፈለገች።

ገንዳው ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ፎንሶ አግዳሚውን በሁለት እጁ ይዟል፤ ያለበት ቦታ ግን ደረቅ መሬት ነበር። ኬዚያ ከሰገነቱ ዘለለች፤ አሁን መውጣቱንም ተምራለች። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዋኘች። ከዚያ ውኃው ውስጥ እንዳለች ሱሪዋን እንድታወልቅ ታዘዘች። ልጅ ኮሌጅ ልከን ይህን ለማየት ነው ወይ ብዬ ልነሳ ስል፣ የሱሪውን እግሮች ቋጠረችና አየር ሞልታ እንደ ትራስ አንገቷ ሥር ከተተችው። ይህን ያሰበው ሰው ጎበዝ ነው። ከስር ቁምጣ ለብሳ ኖሯል።

የቀረው መንሳፈፉ ነው። አምስት ደቂቃ በፊቷ ተደፍታ ውኃ ላይ መተኛት አለባት። ኬዚያ እጆቿን ዘርግታ ፊቷን ነከረችና ዝም አለች።

ፎንሶ ተነሳ። ከነቦት ጫማው ዘለለ።

ኬዚያ ኋላ ስትነግረኝ፣ አጠገቧ ነጭ ጫማ ወደ ታች ሲወርድ አየሁ ነው ያለችኝ፤ እንዲህ ያለ ጫማ የሚያደርግ ሰው ደግሞ እዚያ ከተማ አንድ ብቻ ነው። ወርዳ ኮሌታውን ያዘችና እየጎተተች ዳር አደረሰችው። ባሻው ተቀብሎ ሳበው። ፎንሶ ሲያስለው ሲያስለው ቆየ።

«አባቴ ነው ባሻ» አለች ኬዚያ።

«ገብቶኛል» አለ ባሻው። «ሰው ማዳን የዛሬው ፈተና ውስጥ የለበትም። መንሳፈፉ ተቋርጧል፤ ከመጀመሪያው ይደገማል።»

«አንተ ሰውዬ፣ አባቷን ከሞት አውጥታ?» አልኩ። ደሜ ፈልቶ ነበር።

«እትዬ፣ አይቻለሁ። ቢሆንም ይደገማል።» ወደ ፎንሶ ዞረ። «ካፒቴን፣ እርስዎ ውጭ ቢጠብቁ ይሻላል።»

ፎንሶ ልጁን አየ። ኬዚያ እንደረጠበች ፊቱ ተንበረከከች።

«አባዬ፣ ስደፋ አልሞትኩም። እረፍት ነው። የሚያሰምጠው መታገሉ ነው፤ ዝም ካልኩ ውኃው ራሱ ይሸከመኛል፤ ጀልባህን እንደሚሸከማት።»

«ሉሺየስም ዝም ብሎ ነበር።»

«አውቃለሁ። እኔ ግን በየመሃሉ ቀና ብዬ እተነፍሳለሁ። እሱን ጠብቅ።»

«ካልተነፈስሽስ?»

«ያኔ ዝለል።»

ፎንሶ «እሺ፣ ግቢ» አለ። «ውጭም አልወጣም» አለው ባሻውን።

ገባች፤ ተደፋች። ፎንሶ ፎጣ ለብሶ እጄን ያዘ። ልጅቷ ቀና ብላ ስትተነፍስ እሱም ይተነፍሳል፤ ስትደፋ እስትንፋሱን ይይዛል። እጄን ሊሰብረው ነበር። ሰው ለልጁ ሲፈራ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ፈርቶ ቦታው ላይ የተቀመጠ ግን አላየሁም። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ባሻው ሰዓቱን አየ፤ አምስቱ ደቂቃ ሞልቷል፤ ፊሽካውን ነፋ። ኬዚያ አልተንቀሳቀሰችም፤ ጆሮዋ ውኃ ውስጥ ነው። ደግሞ ነፋ። እንደተኛች ናት፤ ቀና ብላ ትንፋሽ ወሰደችና ተመልሳ ተደፋች። ባሻው ጀርባዋን ሊነካት ረጅሙን ዘንግ አንስቶ ወደ ገንዳው ሲዘረጋ ፎንሶ ዘንጉን ያዘበት።

«ተዋት ባሻ» አለ። «ትንሽ ትረፍበት።»